ለየጁ የዘገዩ መጻሕፍት

በወሎ፣ በየጁዋ መርሳ ውስጥ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጠብቅ ስላረጀሁ፣ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «እትዬ፣ ምን ላንብብ?» ይለኛል። ጠያቂው ከውርጌሳ የመጣ ተማሪ፣ ከጊራና ማንጎ ጭኖ የመጣ ነጋዴ፣ ወይም ከሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ለገበያ ብቅ ያለ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። አብዛኛው ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወይም «ኦሮማይ»ን እንድጠራለት ይጠብቃል። እነዚያ ጠሪ አያጡም። እኔ የምጠራው ስለ ራሳችን ስለ ወሎ ተጽፈው፣ ወልድያና መርሳ ለመድረስ ግን ብዙ ዘመን የፈጀባቸውን ነው። አንዴ ያነበባቸውን ሰው አይለቁትም፤ ችግሩ አንባቢው እጅ አለመግባታቸው ነው። የዘገዩበትን ምክንያት ማወቅ መጻሕፍቱን ራሳቸውን የማወቅ ያህል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አገራችን ለመጽሐፍ እንግዳ አይደለችም። ከመርሳ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ውርጌሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅ ይደርሳል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስጻፉት ወንጌል እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። በምዕራብ ደጋውን ለወጣ ደግሞ ዋድላ አለ፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ አብሮ የሚጠራ የቅኔ አገር። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም በስፋት መነሣት ሲጀምሩ የሐይቁ ወንጌልም ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያው ሆነው ከነዚህ ብራናዎች የሺዎቹን ይዘት ለዓለም አስታወቁ። ያ ሥራ ባይሠራ ስንቱ ጠፍቶ በቀረ! ግን ደግሞ ይኸው ሆነ፦ የሚኒሶታ ተመራማሪ የሐይቁን ወንጌል ገጽ በገጽ ሲያይ፣ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ የማይርቀን እኛ መኖሩን እንኳ ሳናውቅ አደግን። ስለ እኛ የተጻፈው ነገር መጀመሪያ ሩቅ አገር ሄዶ፣ ወደ እኛ በመጨረሻ ሲመለስ ይኼ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይደለም።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ መጽሐፍ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ውስጥ ስለ ነበረው እስልምና የጻፉት። ደራሲው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ በ2001 ዓ.ም. ያረፉ ሊቅ ናቸው። ለዶክትሬት ያጠኑት ይህንኑ ጉዳይ ነበር፤ እንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጥናታቸውን የፈጸሙት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ እኛ በሰባ ሰባት ድርቅ ስንንገላታ ማለት ነው። ጥናቱ ተስፋፍቶ በመጽሐፍ የወጣው ከዚያ አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ያውም ኔዘርላንድ ውስጥ፣ ላይደን ከተማ፣ በእንግሊዝኛ። እዚያ የሚታተም መጽሐፍ ዋጋው ለአንድ የመርሳ መምህር የሚቀመስ አይደለም። እጄ የገባው ስድስት ኪሎ ይማር የነበረ የዘመዴ ልጅ ጥቂት ምዕራፎችን ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ በፌስታል ይዞልኝ ሲመጣ ነው።

ይህ መጽሐፍ ለእኔ ምን እንዳደረገልኝ ለመናገር ስለ አያቴ ማውራት አለብኝ። ቤታችን እንደ ብዙው የወሎ ቤት ሁለት ሃይማኖት የሚኖርበት ነው፤ የእናቴ አባት ሙስሊም፣ የአባቴ ወገን ክርስቲያን። አያቴ በቆዳ የተለበደ ትንሽ ኪታብ ነበረው። ሐሙስ ማታ፣ ጢሱ ከጨሰ፣ ቡናው ከፈላ በኋላ ይገልጠውና እያዜመ ያነብባል። ፊደሉ የዓረብ ነው፤ ቃሉ ግን አብዛኛው አማርኛችን ነው። እኛ ልጆቹ ሰምተን እናለቅሳለን፣ እንስቃለን፤ መጽሐፉን ብንቀበለው ግን አንዲት መስመር ማንበብ አንችልም። ስንጠይቀው «ከዳና የመጣ ነው» ይለን ነበር እንጂ ሌላ ነገር አይጨምርም። ዳና ለእኛ ሰዎች ለዚያራ የሚሄዱበት ቦታ ስም ብቻ ነበር።

በፎቶ ኮፒው ውስጥ ዳናን አገኘኋት። የጁ ውስጥ የነበረች የዕውቀት ማዕከል እንደ ነበረች፣ ዳንዩል አወል እየተባሉ የሚጠሩት ሼህ አሕመድ ኣደም እዚያ ያስተምሩ እንደ ነበር፣ ከወሎ ሌሎች ታላላቅ ማዕከሎች ጋር፣ ከጃማ ንጉሥና ከጌታ ጋር፣ በመምህርና በደረሳ የተያያዘች እንደ ነበረች ፕሮፌሰሩ በዝርዝር ጽፈዋል። እንዲህ ያለውን ታሪክ ያገኙት በየቤቱ የተቀመጡ የዓረብኛ ጽሑፎችን እየለመኑ በማንበብና የሼሆቹን ልጆችና የልጅ ልጆች ቁጭ ብለው በመስማት ነው። እስልምና በወሎ እንዴት እንደ ሰፋ ሲተርኩ ነጋዴውን፣ መምህሩንና ባላባቱን አንድ ላይ አድርገው ያሳያሉ፤ ስለ ቃዲሪያና ስለ ሰማኒያ መንገዶች ሲጽፉም ለማንም የማያደሉ ናቸው። የ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤና ከእሱ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የመጣው የመጠመቅ ግዳጅ፣ ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው የተጠመቁበት፣ ሼህ ጦልሃ እምቢ ብለው የተነሡበት፣ ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት መጽሐፋችን በሁለት መስመር ያለፈ ነገር እዚህ ቤተሰብና ሰፈር ያለው ታሪክ ሆኖ ይመጣል።

ያን ሰሞን እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ፣ ማታ ማታ ለአጎቴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብብለት ነበር። እርጅና ዓይኑን ይዞት ነበር፤ ጆሮው ግን ደህና ነበር። የዳናው ክፍል ላይ ስንደርስ አስቆመኝና ከአያቴ የሰማውን፣ እዚያ የተማሩትን የእኛ ቤተሰብ ደረሶች ስም አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። በፎቶ ኮፒው ኅዳግ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። አያቴ «ከዳና የመጣ ነው» ብሎ የሚያቆመው ብዙ የሚያውቀው ነገር ስለ ነበረው መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ ለልጅ ከየት ጀምሮ ይነግረው?

ሰው «ይህ ለሙስሊም ነው» ወይም «ይህ ለታሪክ ተማሪ ነው» ይለኛል። አይደለም። የወልድያ ገብርኤል ደብተራም፣ የመርሳ መስጂድ ኢማምም፣ ሁለቱም ስለ ራሳቸው የሚያገኙበት መጽሐፍ ነው፤ ምክንያቱም ወሎ ውስጥ የአንዱን ታሪክ ከሌላው ነጥሎ መጻፍ አይቻልም።

የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም መጽሐፍ ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። እሳቸውን ሰው የሚያውቃቸው በፖለቲካ ጽሑፋቸውና በሰብአዊ መብት ሥራቸው ነው። የመልክዐ ምድር ሊቅ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት፣ ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ገበሬ ለረሃብ እንዴት እንደ ተጋለጠ የሚመረምረው ሥራቸው ግን ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ብዙም አልወጣም። ሰንጠረዥና ካርታ የበዛበት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ያስቸግራሉ። ታግሦ የገባ ሰው ግን የ1958 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ጋ ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወረ ኢሉ በኩል ረሃብ መግባቱን የፖሊስ ሪፖርት አዲስ አበባ ያሳወቀው ችግሩ በአካባቢው ከታየ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ ወሬው ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ ተጨማሪ 302 ቀን ፈጀ። ሲደርስ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ታዘዙ፤ ሚኒስትሩም ለወሎ ሹማምንት የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክ አሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው እርዳታ ጥቂት ነበር።

ይህን ክፍል ጎረቤቶቼ ቡና ላይ አንብቤላቸዋለሁ። እኛ ጋ ቁጥር በሰብል ነው የሚለካው። ሚያዝያ የተዘራ ማሽላ ኅዳር ይታጨዳል፤ 302 ቀን ከዚያ ይበልጣል። ማሽላ ተዘርቶ፣ በቅሎ፣ አሽቶ፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ወረቀት ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ አልደረሰም። አንዲት እድሜ የጠገቡ ጎረቤቴ «ስም ዝርዝሩን ማን ተርፎ ይጽፈዋል?» አሉ። ፕሮፌሰሩ በመቶ ገጽ የሚያስረዱት ሐሳብ፣ ረሃብ ዝናብ ስለ ቀረ ብቻ የሚመጣ ነገር እንዳልሆነና ገበሬውን ባዶ እጁን የሚያስቀረው አሠራር እንዳለ፣ ለጎረቤቴ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር። መጽሐፉ ሲነበብላቸው ግን ያ በራሳቸው ላይ ብቻ የደረሰ የሚመስላቸው መከራ ተመዝግቦ፣ ተቆጥሮ፣ ተጠያቂው ተነግሮ አገኙት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከ1958ቱ ያልተማረው መንግሥት ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ ደገመው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከቆቦ እስከ ደሴ ያለው አውራ ጎዳና ዳር በተራበ ሰው ተሞላ። ጥቅምት 1966 ላይ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለንደን ላይ በቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሰማ። እዚህም ቢሆን የእኛን ጎዳና ለዓለም ያሳየው የሩቅ ሰው ነው።

በአማርኛ ግን የዚያን ዘመን ወሎ ልብ ወለድ አድርጎ የጻፈልን አለ፦ ብርሃኑ ዘሪሁን። ጎንደሬ ነው፤ ጋዜጠኛ፣ የ«አዲስ ዘመን» ዋና አዘጋጅም የነበረ። ሰው ሲያነሣው «የቴዎድሮስ እንባ»ን ወይም «የታንጉት ምሥጢር»ን ይጠራል። እኔ የምጠራለት «ማዕበል»ን ነው፤ ሦስት ቅጽ፣ «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ»፣ «የአብዮት ማግሥት»። የመጀመሪያው ቅጽ የወሎን ረሃብ ይዞ ይነሣል። ብርሃኑ አጭር ዓረፍተ ነገር የሚወድ ጸሐፊ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የተማረው ይመስለኛል። ለዚህ ጉዳይ ተስማምቶታል። ረሃብን በረዥም ሐተታ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያሰለቸዋል ወይም ያስለቅሰዋል፤ እሱ ግን የሚሆነውን ብቻ እየነገረ ይሄዳልና አንባቢው መራቅ አይችልም።

ታዲያ ይህ መጽሐፍ ለምን ተረሳ? ሁለት ምክንያት አይቻለሁ። አንደኛው ቅጾቹ መለያየታቸው ነው። የክፍለ ሀገር መደብር የደረሰውን ያህል ይሸጣል፤ ያለቀውን መልሶ አያስመጣም። እኔ ራሴ ሁለተኛውን ቅጽ ገዝቼ አንብቤ፣ የመጀመሪያውን ያገኘሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ ከመሃል የጀመረ ደግሞ ወሎን ሳያገኝ አብዮቱ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሆነው ነው። መንግሥት ሲለወጥ ሽፋኑ ላይ «አብዮት» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ሰው ከቤቱ ማውጣት ያዘ። የሌኒን ትርጉምና የብርሃኑ ልብ ወለድ በአንድ ጆንያ ባለሱቅ ዘንድ ሄዱ፤ ስኳርና ቡና ተጠቀለለባቸው። የወሎ ገበሬ ሞት የተጻፈበት ወረቀት ወሎ ገበያ ላይ መጠቅለያ ሲሆን ማየት ያመኛል፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። መጽሐፉን ሳይገልጡ በሽፋኑ መፍረድ እንደ አገር ብዙ አሳጥቶናል።

«መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»ን ስለምወድ ብቻ እዚህ አስገባዋለሁ፤ ስለ የጁ የተጻፈ አይደለም። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ አባቱን አስቀምጦ፣ በቴፕ ቀድቶ፣ ከአፋቸው እንደ ወጣ ጽፎ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው ነው። ሰው «ጠልፎ በኪሴ»ን ያስታውሳል እንጂ ይህን አያስታውስም። የአብነት ተማሪ ኑሮ፣ የዐፄ ዮሐንስና የዐፄ ምኒልክ ዘመን ወሬ፣ የመምህራኑ ጠባይ፣ ሁሉም በአዛውንት ንግግር ይፈስሳል። በዝምታ ከሚያነብቡት ይልቅ ጮክ ብለው ሲያነብቡት ይጣፍጣል። የእኛ ቤት ሰዎች መጽሐፍ የለመዱት በጆሮ ነው፤ በሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲቀርብ፣ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብብ መርሳ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ቤት ሁሉ ጎረቤት ይሰበሰብበት ነበር። ያ መጽሐፍ ገጠር ድረስ የገባው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ሌሎቹ ያን ያህል ዕድል አላገኙም፤ ስለዚህ እኔ የመረጥኩትን መጽሐፍ ሁልጊዜ ጥቂት ገጽ አንብቤ ነው የማውሰው።

መጽሐፍን ለሌላ ሰው የማስታወቅ ሥራ በአገራችን የቆየ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ዝርዝር በ1904 ዓ.ም. አሳትመው፣ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው አወጡት። ማተሚያ ቤት ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «እነዚህ አሉን» ብሎ ለአገሩ ሰው ነገረ። ለወሎ እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢሠራ፣ የብራናው፣ በዓረብ ፊደል በአማርኛ የተጻፈው የዓጀም ኪታብ፣ የታተመው፣ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ የቀረው ጥናት ሁሉ አንድ ላይ ቢጻፍ፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ፍለጋ አይደክምም ነበር።

ሥራው አስቸኳይ የሆነው ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያም መርሳም በጦርነቱ ውስጥ ቆዩ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎ፣ ፈራርሶ ተገኘ። እኔ የኖርኩበት ቤተ መጻሕፍትም መደርደሪያው ተሰባብሮ፣ መጽሐፉ ተበትኖ ነው ያገኘነው። የተረፉት በውሰት የወጡት ናቸው። ጦርነቱ ሳይመጣ «መልሱ» ብዬ ስጨቀጭቃቸው የነበሩ ተማሪዎች፣ አንዳንዶቹ ከልብሳቸው ጋር ጠቅልለው ተሰድደው፣ አንዳንዶቹ ጎተራ ውስጥ ቀብረው፣ አንድ በአንድ ይዘው መጡ። ከመጡት ውስጥ የ«ማዕበል» የመጀመሪያ ቅጽ ነበረበት። የአጎቴ ቃል በእርሳስ የተጻፈበት ፎቶ ኮፒም ነበረበት፤ አንዲት ልጅ ለታሪክ ትምህርት ተውሳው ስለ ነበር።

እንግዲህ ልታነብቡ ለምትፈልጉ፦ የፕሮፌሰር ሁሴንም የፕሮፌሰር መስፍንም ሥራዎች ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ የዳናውን ክፍል አስነሥታችሁ አስመጡ። «ማዕበል»ን አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ ስትፈልጉ ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሩ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ፣ የሚችል ልጅ ፈልጋችሁ ማታ ማታ በአማርኛ ያንብብላችሁ፤ እኔም ያደረግሁት ያንኑ ነው። የ1958ቱን ክፍል ግን ብቻችሁን አታንብቡት። ያን ዓመት በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። በወረ ኢሉ፣ በላስታ፣ በራያ እንዲህ ያለ አያት ያላችሁ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አንብቡላቸው፤ ሲያስቆሟችሁ አቁሙ፣ የሚሏችሁንም ኅዳጉ ላይ ጻፉት።